ከፊርማው በኋላ ምን ይለካል? ስለ ትምህርት ቤቶች ዓለም አቀፍ አጋርነት

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

የትምህርት ዘመን በተከፈተ ቁጥር አንዳንድ ትምህርት ቤቶቻችን ከውጭ አገር ትምህርት ቤቶች ጋር የአጋርነት ስምምነት ይፈራረማሉ። አሥራ ሰባቱ የዘላቂ ልማት ግቦች የታተሙበት ባነር ይሰቀላል፤ ተማሪዎች የሰላምታ ቪዲዮ ይላላካሉ፤ እንግዶች ከመጡ ችግኝ ይተከላል። በሁለተኛው ዓመት መልእክቱ ይሳሳል። በሦስተኛው ስምምነቱን የፈረመው ርዕሰ መምህር ተዛውሮ፣ ጉዳዩን ይዞ የነበረው የክበብ ተጠሪ ሌላ ሥራ ተደርቦበት፣ ግንኙነቱ ማንም ሳይዘጋው ይዘጋል። መምህራኑን በስንፍና የሚወቅስ ካለ ተሳስቷል። ሁለቱ ወገኖች ከሰላምታ በኋላ አብረው የሚሠሩት ሥራ አልተሰጣቸውም።

የተባበሩት መንግሥታት በመስከረም 2008 ዓ.ም. ባጸደቀው የዘላቂ ልማት አጀንዳ ውስጥ ግብ 4.7 እስከ 2030 እ.ኤ.አ. ድረስ ተማሪዎች ሁሉ ለዘላቂ ልማት የሚያስፈልገውን ዕውቀትና ክህሎት እንዲያገኙ ይጠይቃል። ሐሳቡም ሆነ መንገዱ አዲስ አይደለም። ዩኔስኮ የአጋር ትምህርት ቤቶች መረቡን የመሠረተው በ1953 እ.ኤ.አ. ነው። ከ2005 እስከ 2014 እ.ኤ.አ. ያለው ጊዜም የዘላቂ ልማት ትምህርት አሥርት ዓመታት ተብሎ ነበር። የብሪቲሽ ካውንስል «ኮኔክቲንግ ክላስሩምስ» ፕሮግራምም የእንግሊዝን ትምህርት ቤቶች ከአፍሪካ ትምህርት ቤቶች ጋር ለዓመታት ያገናኝ ነበር። ማዕቀፍ ሞልቷል። የጎደለው ክፍል ውስጥ ሰኞ ጠዋት የሚሠራው ነገር ነው።

በዚህ ደብዳቤ የማቀርበው ሐሳብ አንድ ነው። አንድ አጋርነት አንድ ጥያቄ ይያዝ። ጥያቄው ሁለቱም ቦታ ያለ ችግር ይሁን፤ ሁለቱም ወገን በአንድ ዓይነት መሣሪያ፣ በአንድ ዓይነት ቅጽ፣ በተመሳሳይ ሳምንት ይለካው። ቀሪው ሁሉ፣ ደብዳቤውም፣ ቪዲዮውም፣ ጉብኝቱም፣ ከዚያ ይከተላል።

ሐሳቡ በአየር ላይ እንዳይቀር አንድ ጉዳይ ልውሰድ፤ እምቦጭ።

እምቦጭ ከደቡብ አሜሪካ የመጣ አረም ነው። በአገራችን በቆቃና በአዋሽ መታየቱ የተመዘገበው በ1965 እ.ኤ.አ. ሲሆን በጣና ላይ የታወቀው በ2004 ዓ.ም. ነው። በቪክቶሪያ ሐይቅ ላይ ደግሞ ከ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ ጀምሮ የኬንያዋን ከተማ የኪሱሙን ወደብና የዊናም ባሕረ ሰላጤን ዓሣ አጥማጆች ሲያስቸግር ኖሯል። ጣና ዓባይን፣ ቪክቶሪያ ነጭ ዓባይን ይሰጣሉ፤ ሁለቱ ውኃዎች ካርቱም ላይ ይገናኛሉ። ባሕር ዳርና ኪሱሙ የሰዓት ክልላቸው አንድ ነው፤ በሁለቱም አገር የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት የሚሰጠው በእንግሊዝኛ ነው። እንዲህ ያለ አጋር በቅርብ እያለ አጋርነት ሲባል ሁልጊዜ ወደ አውሮፓ ብቻ መመልከታችን ያሳዝነኛል። ከኪሱሙ ጋር ሲሠራ የትኛውም ወገን ረጂ፣ የትኛውም ወገን ተረጂ አይሆንም። አንዱ ከሌላው ሃያ ዓመት ያህል ቀድሞ በችግሩ ውስጥ ያለፈ ነው፤ ስለዚህ የሚጠየቅ ነገር አለው።

የሚጠየቀውም ከባድ ነገር ነው። በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. አጋማሽ በቪክቶሪያ ላይ እምቦጭን የሚበሉ ጢንዚዛዎች ተለቀቁ፤ እነሱም ከደቡብ አሜሪካ የመጡ ናቸው። በአሥርቱ ዓመታት መጨረሻ አረሙ በእጅጉ ቀነሰ። ጢንዚዛዎቹ ናቸው የቀነሱት ወይስ የ1997ና የ1998 እ.ኤ.አ. የኤልኒኞ ዝናብና ማዕበልም ድርሻ ነበረው የሚለው ባለሙያዎችን አከራክሯል። ኋላም አረሙ በዊናም ባሕረ ሰላጤ ተመልሶ መጣ፤ ከከተማ ፍሳሽና ከእርሻ ማዳበሪያ የሚገባው ንጥረ ነገር አልቆመምና። ይህ ለዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ከማንኛውም ባነር የበለጠ ትምህርት ነው። አንድ መፍትሔ ሲሠራ ለምን እንደሠራ ማወቅ፣ ሲመለስ ለምን እንደተመለሰ መጠየቅ፤ የዘላቂ ልማት ትምህርት ከዚህ የተለየ አይደለም።

አሁን ወደ አሠራሩ።

ተማሪዎች ሦስት ነገር ይለካሉ፤ የአረሙን ክብደት በካሬ ሜትር፣ የውኃውን ጥራት (ምን ያህል ጥርት ያለ እንደሆነ)፣ የዳርቻውን ገጽታ በፎቶ። ከዚህ በላይ የጀመረ ቡድን በሁለት ወር ውስጥ ሁሉንም ይተዋል።

ለክብደቱ ከፕላስቲክ የውኃ ቧንቧ አራት ማዕዘን ፍሬም ይሠራል። ብዙዎች አንድ ሜትር በአንድ ሜትር ይሠራሉ፤ ይህ ስህተት ነው። ጥቅጥቅ ያለ እምቦጭ በአንድ ካሬ ሜትር እስከ 50 ኪሎ ሊመዝን ስለሚችል ተማሪዎች ሊያነሡት አይችሉም፤ ወይም ሲያነሡት ግማሹ ይረግፋል። ሃምሳ ሴንቲ ሜትር በሃምሳ ሴንቲ ሜትር ይበቃል። የተገኘው ክብደት በአራት ሲባዛ የአንድ ካሬ ሜትሩ ይወጣል። ሁለት ሜትር ቧንቧ፣ አራት ክርን መገጣጠሚያና ማጣበቂያ ያስፈልጋል። እዚህ ላይ አንድ የተደበቀ ችግር አለ። ቧንቧው በትክክል ሃምሳ ሃምሳ ሴንቲ ሜትር ተቆርጦ ክርኖቹ ሲጨመሩበት የፍሬሙ ውስጥ 54 ሴንቲ ሜትር ሊደርስ ይችላል። ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን ስፋቱን ከ16 በመቶ በላይ ያሳድገዋል። በሌላው ከተማ ያሉት ተማሪዎች በትክክል ከሠሩት፣ በሁለቱ ሐይቆች መካከል ያልነበረ ልዩነት ተፈጠረ ማለት ነው። ስለዚህ ሁለቱም ወገን ከማጣበቁ በፊት ገጣጥሞ የውስጡን ልኬት ያረጋግጥ፤ ሜትር የተዘረጋበትን ፎቶም ለሌላው ይላክ። መገጣጠሚያዎቹ በደንብ ከተጣበቁ ውስጡ የሚቀረው አየር ፍሬሙን ያንሳፍፈዋል።

በፍሬሙ ውስጥ ያለው አረም ከነሥሩ ይወጣል፤ ከፍሬሙ ጠርዝ ላይ ያለ ተክል ግንዱ ወደ ውስጥ ከሆነ ይቆጠራል፣ ወደ ውጭ ከሆነ አይቆጠርም። ይህን ቀድሞ ያልተስማማ ቡድን በየጊዜው የተለያየ ቁጥር ያወጣል። አረሙ በሽንኩርት መያዣ መረብ ከረጢት ተደርጎ ልክ አምስት ደቂቃ ተንጠልጥሎ ውኃው ይንጠፈጠፋል። ከዚያ በመንጠቆ ሚዛን ይመዘናል፤ የእርጥብ ከረጢቱ ክብደት ይቀነሳል። እምቦጭ ከ90 በመቶ በላይ ውኃ ስለሆነ አንዱ ወገን ለአንድ ደቂቃ፣ ሌላው ለግማሽ ሰዓት ካንጠፈጠፈ ቁጥሮቹ ሊነጻጸሩ አይችሉም። ለማረጋገጫ ከአንዱ ናሙና አንድ ኪሎ ተለይቶ ፀሐይ ላይ ይሰጣል፤ በሁለት ተከታታይ ቀን ክብደቱ ካልተለወጠ ደርቋል። ከመቶ ግራም ብዙም የማይበልጥ ነገር ሲቀር ሲያዩ ተማሪዎቹ አረሙን በመኪና አጓጉዞ ለማገዶ ወይም ለመኖ መጠቀም ለምን ከባድ እንደሆነ ያለ ብዙ ማብራሪያ ይገባቸዋል።

በየጊዜው ቢያንስ ሦስት ናሙና ይወሰድ፤ አማካዩም ይጻፍ። አንድ ናሙና ብቻ ከሆነ ተማሪ ሁልጊዜ በጣም የበዛበትን ቦታ ይመርጣል፤ የሰው ተፈጥሮ ነው።

ለውኃው ጥራት ሃያ ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ክብ ሳህን ያስፈልጋል፤ ያረጀ የቀለም ቆርቆሮ ክዳን ይሆናል። ለአራት ተከፍሎ ሁለቱ ሩብ ጥቁር፣ ሁለቱ ነጭ ይቀባል፤ ከሥሩ ክብደት ይታሰርበታል። ገመዱ በየአሥር ሴንቲ ሜትሩ ምልክት ይደረግበታል። የቃጫ ገመድ ሲረጥብ ርዝመቱ ስለሚለወጥ የፕላስቲክ ገመድ ይሻላል። ሳህኑ ከዓይን የተሰወረበት ጥልቀት ይመዘገባል፤ ጥቂት ወርዶ ወደ ላይ ሲሳብ እንደገና የታየበትም ይመዘገባል፤ የሁለቱ አማካይ ይወሰዳል። በጀልባ ማረፊያው ድልድይ ጥላ በኩል፣ ከረፋዱ አራት እስከ ቀኑ ስምንት ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ይሁን። ፀሐይ በውኃው ላይ ካንጸባረቀች ንባቡ ይሳሳታል።

በጣና ዳር ንባቡ ከአንድ ሜትር በታች ቢሆን አያስደንቅ። ግልገል ዓባይ፣ ርብ፣ ጉማራና መገጭ ከየተፋሰሱ አፈር ይዘው ይገባሉ። በዊናምም ንባቡ ዝቅተኛ ሊሆን ይችላል፤ ምክንያቱ ግን አንድ ላይሆን ይችላል። አንዱ ጋ ደለል፣ ሌላው ጋ አልጌ ሊሆን ይችላል። ለመለየት አንድ ሊትር ውኃ በነጭ ጨርቅ ይጣራ፤ ጨርቁ ላይ የቀረው ቡናማ ነው ወይስ አረንጓዴ? ተመሳሳይ ቁጥር ከተለያየ ምክንያት ሊመጣ እንደሚችል ለማስተማር ከዚህ የተሻለ አላውቅም። የሁለቱ ትምህርት ቤቶች ጨርቆች ፎቶ ጎን ለጎን ሲሰቀል ክፍሉ በራሱ ይከራከራል።

ፎቶው ከሁሉም ይቀላል፤ ከሁሉም በላይ የሚበላሸውም እሱ ነው። ቋሚ ምሰሶ ይመረጥ፤ ስልኩ በአንድ ሜትር ተኩል ከፍታ፣ ወደ አንድ አቅጣጫ፣ ሳያቀርብ ወይም ሳያርቅ፣ በየሁለት ሳምንቱ ያንሣ። ምሰሶው ላይ በቀለም ምልክት ካልተደረገ ሁለተኛው ተረኛ ሌላ አቅጣጫ ያነሣል። ደግሞም እምቦጭ ተንሳፋፊ ስለሆነ ነፋስ ይነዳዋል። ባለፈው ሞልቶ የነበረ ዳርቻ ዛሬ ባዶ ሆኖ ከተገኘ ተማሪዎች «አረሙ ጠፋ» ብለው ይጽፋሉ፤ አረሙ ግን ማዶ ሄዶ ይሆናል። የነፋሱ አቅጣጫ በቅጹ ላይ ይመዝገብ፤ ቢቻል ሁለት ምሰሶ በተለያየ ዳርቻ ይኑር።

ስለ ደኅንነት አጥብቄ መናገር እፈልጋለሁ። ተማሪ ውኃ ውስጥ አይግባ። በሁለቱም ሐይቆች ቢልሃርዝያ አለ፤ ጉማሬም አለ፤ ከአረሙ ሥር ያለው ጥልቀት አይታይም። ናሙናው ከጀልባ ማረፊያ ድልድይ ላይ ሆኖ፣ አዋቂ ባለበት፣ ረጅም እጀታ ባለው መንጠቆ ይሳብ፤ የጎማ ጓንት ይደረግ። ይህ ካልተቻለ የሚሠራው በፎቶው ብቻ ይሁን። ከልኬት በኋላም አረሙ ወደ ውኃው ወይም ወደ ወንዝ አይመለስ፤ አበባ ያለው በኮምፖስት ውስጥ አይግባ። ዘሩ በአፈር ውስጥ ለዓመታት ይቆያል፤ ለትምህርት ተብሎ አረሙን ወደ አዲስ ኩሬ ማዛመት ይመጣል።

ቀጥሎ ያለው ጉዳይ ደረቅ ይመስላል፤ አጋርነቶች ግን ከምንም በላይ የሚሰናከሉበት እሱ ነው፤ ቀንና ሰዓት። የእኛ ተማሪ «3፡00» ብሎ ከጻፈ የውጭው ተማሪ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት የተለካ አድርጎ ያነበዋል። የሙቀት ልኬት ከሆነ ሠንጠረዡ በሙሉ ትርጉም ያጣል። ኬንያውያን በስዋሂሊ ሲናገሩ እንደ እኛው ከንጋት ጀምረው ይቆጥራሉ፤ ሲጽፉ ግን በዓለም አቀፉ ሰዓት ስለሚጽፉ ስህተቱ በእኛ ወረቀት ላይ ብቻ ይታያል። ቅጹ ለቀን ሁለት ዓምድ ይኑረው፤ የእኛና የጎርጎርዮሳዊው። ሰዓቱ በ24 ሰዓት አቆጣጠር አንድ ዓምድ ይበቃዋል። መስከረም 1 ሴፕቴምበር 11 ይውላል፤ ጳጉሜን ስድስት ቀን በሆነችበት ዓመት ማግስት ግን ሴፕቴምበር 12 ይሆናል፤ እስከ የካቲት 21 ድረስም አንድ ቀን ይዛባል። ተማሪዎች ይህን ራሳቸው እንዲያሰሉ ማድረግ ጥሩ የሒሳብ ክፍለ ጊዜ ነው።

የትምህርት ዘመኑም አይገጥምም። የእኛ ከመስከረም እስከ ሰኔ ነው። የኬንያ ከጃንዋሪ ጀምሮ በሦስት ተርም ይሄዳል፤ ኤፕሪልና ኦገስት ላይ ዕረፍት አለ፤ ዓመቱ ሲያልቅ ደግሞ አገር አቀፍ ፈተና አለ። ሁለቱም ክፍል ውስጥ የሚገኙበት ጊዜ በአመዛኙ ጥቅምት፣ ከጥር አጋማሽ እስከ መጋቢት፣ እንዲሁም ግንቦት ነው። የጥቅምቱ በተለይ ጠቃሚ ነው፤ በጣና ላይ ዝናቡ አልፎ የአረም ማስወገድ ዘመቻ የሚካሄድበት ወቅት ስለሆነ ከዘመቻው በፊትና በኋላ መለካት ይቻላል። በግንቦት የስምንተኛና የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪዎችን ከሥራው ማውጣት ግድ ነው፤ ፈተና ደርሷል። የሰባተኛ፣ የዘጠነኛና የአሥረኛ ክፍል ተማሪዎች ይበቃሉ።

ለግንኙነቱ የቀጥታ ቪዲዮ ስብሰባ ማዕከል መሆኑ ይቅር። የአንድ ሰዓት የቡድን ቪዲዮ አንድ ጊጋ ባይት ያህል ዳታ ይበላል፤ ኔትወርክ ሲቆራረጥ ስልሳ ተማሪ ጥቁር ስክሪን ሲመለከት ክፍለ ጊዜው ያልቃል። የአንድ ደቂቃ የቴሌግራም የድምፅ መልእክት ግን ግማሽ ሜጋ ባይት እንኳ አይሞላም። በየሁለት ሳምንቱ አንድ የሠንጠረዥ ፎቶ፣ ሁለት የዳርቻ ፎቶ፣ ሦስት የድምፅ መልእክት ይላክ፤ በሚኒ ሚዲያ ለተማሪው ሁሉ ይሰማ። ኢንተርኔት ለሳምንታት በሚቋረጥበት አካባቢ ልኬቱ በወረቀት ይቀጥል፤ ሲገኝ ይላካል። ሥራው በልኬት ላይ የቆመ ከሆነ መቋረጡ አይገድለውም። በቪዲዮ ላይ የቆመ ግን ይሞታል። የቀጥታ ስብሰባ በሴሚስተር አንድ ጊዜ፣ ውጤት ለመከራከር ብቻ ይደረግ።

ይህ ሁሉ ሲባል ከአውሮፓና ከአሜሪካ ጋር የሚደረግ አጋርነት ይቅር ማለቴ አይደለም። ጥያቄው ግን በጥንቃቄ ይመረጥ። ከእንግሊዝ የሚመጡ የካርቦን ማስያ ቅጾች ተማሪው መኪና እንዳለው፣ ቤቱን በጋዝ እንደሚያሞቅ ይጠይቃሉ። የእኛ ተማሪ ሁሉንም «የለም» ብሎ ይመልስና ከትምህርቱ ውጭ ይቆማል። የእኛ መብራት በአብዛኛው ከውኃ ኃይል ነው፤ ጫናው ያለው በማገዶና በከሰል ላይ ነው። ስለዚህ የጋራ ጥያቄው «እራት ለማብሰል ቤታችሁ ምን ያህል ኃይል ይፈልጋል?» ቢሆን ሁለቱም የሚለካው ያገኛል። የኤሌክትሪክ ምጣድ ወደ 3,500 ዋት ይወስዳል። በሦስት ድንጋይ ጉልቻ የሚጋገር ቤት ያለው ተማሪ ማገዶውን ከመጋገሩ በፊትና በኋላ ይመዝን፤ «ምርት» የተባለው ማገዶ ቆጣቢ ምድጃ ያለው ጎረቤት ካለ የእሱንም ይመዝን፤ በእንጀራ ቁጥር ይካፈል። የውጭው ተማሪ ደግሞ የምድጃውን ቆጣሪ ያንብብ።

ዝናብም ጥሩ ጥያቄ ነው። የለንደን ልጆች አገራቸው ዝናባማ፣ ኢትዮጵያ ደረቅ እንደሆነች አምነው ይጀምራሉ። ለንደን በዓመት ወደ 600 ሚሊ ሜትር፣ አዲስ አበባ ከ1,000 በላይ ታገኛለች። ልዩነቱ የእኛ በጥቂት ወራት ተሰብስቦ መውረዱ ነው። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ በአንድ ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ አንድ ሊትር ነው። መቶ ካሬ ሜትር የቆርቆሮ ጣሪያ ያለው የመማሪያ ክፍል ሩቡ ቢባክን እንኳ በዓመት ከ75,000 ሊትር በላይ ይሰበስባል። ቀጣዩ ጥያቄ ራሱ ይመጣል፤ ታዲያ በመጋቢት የመጸዳጃ ቤቱ ቧንቧ ለምን ደረቅ ሆነ? ማጠራቀሚያው ስንት ሊትር ይይዛል?

በአማርኛ የሚሠራ አጋርነትም አለ፤ ብዙም አልታሰበበትም። በጅዳና በሪያድ የኢትዮጵያ ኮሚዩኒቲ ትምህርት ቤቶች አሉ። ሰዓታቸው ከእኛ ጋር አንድ ነው፤ የሳምንት ዕረፍታቸው ዓርብና ቅዳሜ ስለሆነ ከሰኞ እስከ ሐሙስ ይገናኛሉ። የጅዳ ቧንቧ የሚሞላው ጨው በተወገደለት የባሕር ውኃ ነው፤ የአዲስ አበባው ከለገዳዲ፣ ከገፈርሳ፣ ከድሬ ግድቦችና ከአቃቂ የጉድጓድ ውኃ። «የምትጠጡት ውኃ ከየት ተነሥቶ፣ በምን ኃይል ቤታችሁ ደረሰ?» የሚለውን የአምስተኛ ክፍል ልጆች በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው ሊሠሩት ይችላሉ። በእስራኤልና በዋሽንግተን አካባቢ አማርኛ የሚማሩ ልጆችም እንዲሁ። ከዋሽንግተን ጋር የጊዜ ልዩነቱ ከባድ ነው፤ እዚያ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ሲሆን እዚህ እንደ ወቅቱ ዘጠኝ ወይም አሥር ሰዓት ነው፤ በፈረቃ ለሚማር የከሰዓት ተማሪ ብቻ ይገጥማል።

ገንዘብን በተመለከተ ግልጽ መሆን ይገባል። ሀብታም አጋር መጽሐፍ፣ ኮምፒውተር፣ ልብስ ሊልክ ይፈልጋል፤ በቅን ልቦና ነው። ነገር ግን ስጦታው ከጀመረ በኋላ የእኛ መምህር የአጋሩን ቁጥር «ተሳስተሃል» ለማለት ይቸገራል፤ የእነሱም ተማሪ ከእኛ ተማሪ የሚማረው ነገር እንዳለ ማየት ያቆማል። ስጦታ ካለ በወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረት በኩል፣ በተለየ ስምምነት ይሂድ፤ የትምህርቱን ሥራ የያዙ መምህራን አይንኩት። የጋራ ሥራው መሣሪያ ግን እያንዳንዱ በራሱ ይግዛ። ቧንቧ፣ ገመድ፣ የቀለም ክዳን፣ የመንጠቆ ሚዛን፤ ለዚህ እርዳታ አያስፈልግም።

ጉብኝትም እንዲሁ ይታሰብበት። ከአዲስ አበባ ለንደን ደርሶ መልስ የሚበር አንድ ሰው ድርሻው ወደ አንድ ቶን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይጠጋል። ከነዳጅ የሚወጣው የአንድ ኢትዮጵያዊ ድርሻ በዓመት ከ0.2 ቶን በታች ነው። ስለ አየር ንብረት ለመማማር ስድስት ሰው በየዓመቱ የሚያመላልስ አጋርነት ይህን ቁጥር ለተማሪዎቹ ማሳየት አለበት፤ እነሱም ይፍረዱ።

የልጆች ጥበቃ በኋላ የሚጨመር ጉዳይ አይደለም። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል፤ በአውሮፓም ጥብቅ ሕግ አለ። የተማሪ ፊት የሚታይበት ፎቶ ያለ ወላጅ ፊርማ አይላክ፤ ስም፣ የቤት አካባቢና ስልክ አይጠቀስ፤ ተማሪ ከተማሪ ጋር በግል አካውንት አይጻጻፍ። ግንኙነቱ ሁለቱ መምህራን ባሉበት አንድ ቡድን ብቻ ይሁን። የእጅ፣ የሚዛንና የሠንጠረዥ ፎቶ ለሥራው ይበቃል።

ይህን ሥራ ማን ይሸከመው? አንድ መምህር ብቻ ከያዘው በዝውውሩ ያልቃል። ሁለት ይሁኑ፤ አንዱ የሳይንስ ወይም የጂኦግራፊ፣ ሌላው የሒሳብ ወይም የእንግሊዝኛ። መዝገቡ በአንድ ጠንካራ ደብተር በቤተ መጻሕፍት ይቀመጥ እንጂ በመምህሩ ስልክ ውስጥ አይቅር። ሥራው በአካባቢ ጥበቃ ክበብ ውስጥ ብቻ ከቀረ ሃያ ጎበዝ ተማሪ ብቻ ይነካል። በሰባተኛ ክፍል ሒሳብ አማካይና ግራፍ ሲደርስ ቁጥሮቹ የራሳቸው ይሁኑ፤ ከተከታታይ ምዘናው አሥር ነጥብ ይሰጠው። ነጥብ የሌለው ሥራ በፈተና ሰሞን ይረሳል፤ ተማሪውም መምህሩም ይህን ያውቃሉ።

የክልልና የከተማ ትምህርት ቢሮዎች ሁለት ነገር ቢያደርጉ ብዙ ይቀየራል። አንደኛ፣ አጋርነቱን ለሚይዙት ሁለት መምህራን በሳምንት ሁለት ሁለት ክፍለ ጊዜ ከጭነታቸው ይቀንሱ። ሁለተኛ፣ አዲስ ስምምነት ሲፈረም ከፊርማው ገጽ ጋር አንድ የልኬት ቅጽ እንዲያያዝ ይጠይቁ፤ ምን ይለካል፣ በምን፣ በየስንት ቀኑ፣ መዝገቡ የት ይቀመጣል። ሱፐርቫይዘር በጥር ሲመጣ ባነሩን ሳይሆን ያንን ደብተር ይጠይቅ። ቅጹን የሚያዘጋጅ ቢሮ ካለ የቀኑን ሁለት ዓምድና የነፋሱን አቅጣጫ እንዳይረሳ አደራ እላለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
የትምህርት ቤቶች የአካባቢ ጥበቃ ክበባት አስተባባሪ